ምርቃት የማይቀበል ወጥ ቤት

የናስር ሽማግሌዎች እኔን ለእሱ ሊጠይቁ ከቴፒ በዝናብ መጥተው ነበር። አባቴ ዐብዱልጀባር አክብሮ ተቀበላቸው፤ አብልቶ አጠጥቶ «እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ እሱ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ አንደኛው ሽማግሌ ልጁን ሲያሞግሱ «የሒሳብ መምህር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጌም ያስጠናል» ማለታቸው ነው።

«አስያ፣ ጌም ይጠናል እንዴ?» አለኝ አባቴ እንግዶቹ እንደወጡ።

«አብረን ነው የምናጠናው፣ አባ። አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ያያል። ከዚያ አቁመን ያየነውን እንነጋገራለን።»

«ምን ታያላችሁ?»

«ሰው ሲጣደፍ ምን እንደሚያደርግ። ሲሳሳት ማንን እንደሚወቅስ።»

ጢሙን አሻሸ። «ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስትመረምሪ መዋልሽ አልበቃ ብሎሽ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ትመረምሪያለሽ።» ቀጥሎም «በይ ጥሪው፤ እኔም ልመርምረው» አለ።

እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ናስር የጌም ማጫወቻውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። የመረጥነው ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚሠራበትን የወጥ ቤት ጌም ነው። አንዱ ይከትፋል፣ ያበስላል፤ ሌላው ሰሃን ያጥባል፣ ያቀርባል። ትእዛዙ በሰዓቱ ካልደረሰ ደንበኛው ተቆጥቶ ይሄዳል። አባቴ በአማን ከተማ ገበያ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ «የደንበኛን ነገር ለእኔ ተወው» ብሎ ምድጃውን ያዘ፤ ሰሃን ማጠቡ ለናስር ደረሰ።

ጣቱ ቶሎ ለመደ። ሾርባው ግን ሁሌም ይመለሳል። ምክንያቱን ከኋላ ሆኜ አየሁት። ትእዛዙ ሦስት ቲማቲም ይላል፤ አባቴ ሦስቱን ከትፎ ድስቱ ውስጥ ይከትና ሳይታወቀው አራተኛ ጣል ያደርጋል። ምርቃት መሆኗ ነው። ሱቁ ውስጥም ከመዘነ በኋላ ለደንበኛ አንድ ኮረሪማ ሳይጨምር አይሸኝም።

ናስርም አይቷል። ዓይኑ ቲማቲሟን እስከ ድስቱ ሲከተላት አይቼዋለሁ። ግን «ምንም አይደል አባባ፣ ጌሙ ከባድ ነው» ይላል። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተመለሰ።

«ጆይስቲኩ ይሆናል» አለ ናስር።

እናቴ ሳሊሀ ከጓዳ ብቅ ብላ «መብራቱ ኃይል አንሶት ይሆናል በለው ደግሞ» አለችና ተመልሳ ገባች።

አባቴ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ናስር፣ ምን እንደማጠፋ ታውቃለህ?»

ናስር የጆይስቲኩን ገመድ ማፍታታት ጀመረ።

«ያየነውን እንነጋገራለን አላላችሁም? ወይስ እሑድ አይሠራም? ወላሂ፣ እኔ ግትር ነኝ፤ ይቺም እኔን ነው የወጣችው። ስትሳሳት ዝም ለሚላት ሰው አልሰጣትም።»

ናስር ግንባሩን ጠረገ። ወደ እኔ ሲዞር ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ፤ በጥናታችን ደንብ ተመልካች ለተጫዋች አይጠቁምም።

«ምርቃቱ ነው፣ አባባ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ቲማቲሟ። ሁልጊዜ አንድ ይጨምራሉ። እዚህ ደንበኛው ያዘዘውን ብቻ ነው የሚወስደው።»

«ምርቃት የሚመልስ ደንበኛ?» አባቴ ከልቡ ተቆጣ። «ይህን የሠራው ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም!»

«ላያውቅ ይችላል። ስህተቱ ግን የእርስዎ ነው።» ቃሉን አላጠፈም።

ጓዳ ውስጥ ይሰማ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቀጥ አለ። አባቴ ስክሪኑን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «ጀምር» አለ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቲማቲም። ጣቱ ወደ አራተኛዋ ሲሄድ ናስር «አባባ!» ብሎ ጮኸ። ጣቱ ተመለሰ። ሾርባው ወጣ፤ ደንበኛው ወሰደው። ሁለተኛውም ተወሰደ።

«ሽማግሌዎችህ ጁመዓ ይምጡ» አለ አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ናስር ጆይስቲኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

«ምን ይገትርሃል?» አባቴ አምባረቀ። «ሰሃን አለቀ እኮ! እጠብ እንጂ!»