መቶ እስኪሞላ

ሰርፀን ጣጣ ውስጥ የከተተው ከቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ስለ ጉዳት ካሳው የመጣለትን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳያነብ መመስከሩ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ጉዳቱን በፐርሰንት ሲዘረዝር አእምሮ ሃምሳ፣ ወገብ አርባ፣ ጆሮ አሥር ይላል። አፍጋኒስታን ውስጥ የአሜሪካ ጦር ወታደር ሆኖ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ይህን ለመደመር ካልኩሌተር አይፈልግም። መቶ! በዚያው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በኮሮና ምክንያት ወደ ዙም ገብታ ስለነበር፣ አርባ ምእመናን ፊት «ጌታ መቶ ፐርሰንት አስወሰነልኝ!» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። ለምን እንደተወሰነለት ግን «ለወገቤ» ብሎ አለፈው።

ማክሰኞ ዕለት የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የምትከታተል አንዲት ሴት ደውላ ሁለተኛውን ገጽ አነበበችለት። ሰባ ይላል።

ሒሳቡ መደመር አይደለም ለካ። ሰው ሲጀምር መቶ፣ ማለትም ሙሉ ጤነኛ ነው። የአእምሮው ሃምሳ ሲነሣ ሃምሳ ይቀረዋል። የወገቡ አርባ የሚታሰበው ከዚህ ከቀሪው ነው፤ ሃያ ይሆናል። ሠላሳ ቀረ። የጆሮው አሥር ከሠላሳው ሦስት ይወስዳል። ጉዳቱ በጠቅላላ ሰባ ሦስት፣ ሲጠጋጋ ሰባ። «ሃያ ሰባቱ ግን ደኅና ነው» አለችው ሴትዮዋ። ሰርፀ ስልኩን ዘጋና ደብዳቤው ጠርዝ ላይ «ሃያ ሰባት» ብሎ ጻፈ። እሱ ውስጥ ደኅና የሆነ ነገር እንዳለ የነገረው ሰው ከጠፋ ስንት ዓመቱ!

ምስክርነቱን ማረም አለበት። ለማረም ደግሞ ሃምሳውን በስሙ መጥራት ግድ ነው። ወገብ የማያመው የለም፤ የአእምሮ ነገር ግን እዚያ መካከል አይነሣም። ሚስቱ ሩሐማ አሊያንቴ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጥላው ወጥታ ሄንደርሰን የሚባል ከተማ ስትገባ እንኳ ምክንያቱን ማንም አልሰማም። ሰርፀን ብቸኝነቱ መሮታል። አንድ ሰው ብቻ «ምን ሆነህ ነው?» ቢለው ይበቃው ነበር።

እሑድ ማይኩን ከፈተ።

«ባለፈው ሚስቴክ አድርጌያለሁ። መቶ ሳይሆን ሰባ ነው። ሃምሳው ደግሞ የወገቤ አይደለም፣ የአእምሮዬ ነው። እንቅልፍ የለኝም። የአዲስ ዓመት ሌሊት ርችት ሲተኮስ የልብስ ክሎዜት ውስጥ ተደብቄ ነው ያደርኩት።» ከዚያ ሒሳቡን አንድ በአንድ፣ እስከ ሃያ ሰባቷ ድረስ አስረዳ።

የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይዞህ ልጄ፣ ጠላት የቀማህን ሠላሳ ጌታ ያስመልስልሃል! ቅዱሳን፣ ሁላችሁም አንሚዩት አድርጉ፣ ማይካችሁን ክፈቱ፤ መቶ እስኪሞላ እንጸልያለን!»

አርባው ማይክ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። «ጨምርለት! ሙላለት! መቶ አድርግለት!» እኅት ስጦታማ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር። ከልቡ ያልጮኸ የለም፤ ስለ ሃምሳው የጠየቀም የለም። አርባ ሰው በፍቅር፣ በእንባ፣ ያቺ የተረፈችው ደኅና ጎኑም ተጎድታ እንድትቆጠር ሲለምንለት ሰርፀ ተቀምጦ አዳመጠ።

«አሜን በል እንጂ ልጄ!» አሉት ጋሽ ተገኘ።

«አሜን» አለ።