ያላወቅሁት ኮላ

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰው ሲቀና «ለሥራው አስቤ ነው»፣ «ለልጁ ተቆርቁሬ ነው» ይላል። እኔ ግን ቀናሁ፤ አንጀቴ እስኪያርር ድረስ ቀናሁ።

ክንዱ እባላለሁ። ደርግ ከወደቀ ጀምሮ ፍኖተ ሰላም ላይ የእንጨት ቶርኖ የማዞረው እኔ ነኝ። የአልጋ እግር በሉት፣ የወንበር እግር በሉት፣ የደረጃ መደገፊያ በሉት፣ ሁሉም ከኔ እጅ ነው የወጣ። ከደምበጫ ሳይቀር ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ «ቶርኖው ክንዱ የት ነው?» እያለ ይመጣ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተከብሬ ኖርሁ። ከዚያ አንዷለም መጣ።

አንዷለም የቡሬ ሰው ነው። የእንጨት ሥራ ማኅበራችን ሲገባ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ግን መሮውን እንደ ማንኪያ ነበር የሚይዘው። እኔ ነኝ ያስተማርሁት። እጁን በእጄ ይዤ፣ «ቀስ በል፤ እንጨቱ ወዳንተ ይምጣ እንጂ አንተ አትሂድበት» እያልሁ። መጋዝ አሳሳሉን፣ ኮላ አቀባቡን፣ ሁሉንም ከኔ ወሰደ። ሦስት ዓመት ሙሉ «አያ ክንዱ፣ አያ ክንዱ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ነገሩ የተበላሸው ባሕር ዳር የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ጊዜ ነው። እኛ አገር ገበቴ ማለት ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። እሱ ግን እኔ ለማገዶ የምጥለውን ቁርጥራጭ ይለቅም ጀመር፤ ዋንዛውን ለብቻ፣ ወይራውን ለብቻ፣ ጥዱን ለብቻ።

«ደግሞ ይኼን ምን ልታደርገው ነው?» አልሁት።

«ገበቴ» አለኝ።

ሳቅሁበት። «በል እንግዲህ፤ ፍርፋሪ ሰብስበህ ዳቦ ጋግር» አልሁት።

ጋገረዋ! አሥራ ሁለት ቁራጭ እኩል ይቆርጥና ጫፍ ጫፋቸውን ሰያፍ ያደርጋቸዋል፤ ዙሪያውን ሲገጥማቸው ክብ ቀለበት ይሆናሉ። አንዷ ቁራጭ የፀጉር ያህል ብትሳሳት ቀለበቱ አይዘጋም። በነጭ ኮላ ያጣብቅና በከመነዳሪ፣ በአሮጌ የመኪና ውስጠኛ ጎማ፣ ጠፍሮ ያሳድረዋል። በማግስቱ ቀለበቱን በቀለበት ላይ ይደርባል፤ የላዩ መገጣጠሚያ ከታቹ መገጣጠሚያ ጋር እንዳይገናኝ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚደረድር እያፈራረቀ። ኮላው ሲደርቅ ቶርኖ ላይ ያስረውና ያዞረዋል። መሮው ሲያርፍበት ያ ሁሉ ማዕዘን እየተላጠ ይጠፋል፤ ቡናማው፣ ጥቁሩና ቀዩ ተራ በተራ የሚዞርበት ጎድጓዳ ገበቴ ይወጣል። ከንፈሩ ደግሞ ከስኒ ከንፈር አይወፍርም።

ሚስቴ እህተ ማርያም ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ አየችው። «ውይ! እጁ ይባረክ!» አለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለኔ ሥራ እንዲህ ብላ አታውቅም። ያን ቀን ምሳዬን ሳልነካው መለስሁት።

በዚያው ሰሞን የከተማው ማሠልጠኛ አዲስ ቶርኖ አስመጣና ለጀማሪዎች የሚሆን አሠልጣኝ እፈልጋለሁ አለ። ተወዳዳሪ ሁሉ ከቁርጥራጭ የተገጠመ አንድ ገበቴ ሠርቶ ረቡዕ ያቅርብ ተባለ። ከቁርጥራጭ! የሱን ሥራ አይተው እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። የተመዘገብነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና እሱ።

ለደመወዙ አልነበረም የፈለግሁት። ከተማው «መምህር ክንዱ» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁ። ተማሪዬ መምህር ሆኖ፣ እኔ እዚያው ጥግ የአልጋ እግር ሳዞር ሰው ሲያየኝ ይታየኝ ነበር። እኔም ሠራሁ። ቀለበቴ አልዘጋ ሲለኝ ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንሁት። አዞርሁት፤ ወጣ። ግን ጎኑ እንደ ከብት ገንዳ ወፍራም ነው። ላሳሳው ብል ደግሞ ይበሳብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ ዕለት የአንዷለም እናት እመት ታንጉት «ልጄ ገበቴውን ይዞ ይምጣና ልመርቅለት፤ ሰው ያደረገልኝን መምህሩንም ይዞልኝ ይምጣ» ብለው ላኩ። አብረን ቡሬ ወረድን። ዶሮ አርደው ጠበቁን። በልተን ሳንጨርስ ጎረቤት አርፎ መቃብር ቆፋሪ ተጠራ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀረሁ፤ አንዷለም ነጠላውን አጣፍቶ ሊወጣ ሲል ዞሮ አየኝ።

«አያ ክንዱ፣ ገበቴዋን አደራ» አለኝ።

«ሂድ እንጂ፤ ምን ትሆናለች» አልሁት።

እሱ እንደ ወጣ እመት ታንጉት ገበቴውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ዙሪያውን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ባዶውን ሹማምንት ፊት ሊያቀርበው ነው? ምነው፣ እናት የሌለው ይመስል! ዕቃ ባዶውን አይቀርብም። ነገ ዳቦ ሞልቼ ነው የምሰጠው» አሉ። ከዚያ እሳቱ ላይ ውኃ ጣዱ። «ሳይሟሽማ እህል አይገባበትም።»

ማንም የጎጃም ሴት የምታደርገውን ነው ያሉት። አዲስ ዕቃ ሸክላም ይሁን እንጨት ሳይሟሽ እህል አይነካውም። በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ የፈላ ውኃ ተሞልቶበት ያድራል፣ ሲነጋ ደርቆ በኑግ ይቀባል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ዋንዛ ሲሟሽ ይጠነክራል። በነጭ ኮላ የተጣበቀ ግን ወዮለት! ነጭ ኮላ የፈላ ውኃ ሲያገኘው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ይኼን እንኳን እኔ፣ ኮላ የሚሸጠው ባለሱቅም ያውቃል።

ውኃው ፈላ። እመት ታንጉት ገበቴውን መሬት አስቀምጠው ማሰሮውን አነሡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ክንዱ ልጄ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ይኼስ እንደ ሌላው ገበቴ ይሟሻል አይደል?»

አፌን ከፈትሁ። ማርያምን እላችኋለሁ፣ «ኧረ ተዉ!» ልል ነበር። ግን ዓይኔ ገበቴው ከንፈር ላይ ዐረፈ፤ እዚያ ቀጭን ከንፈር ላይ። ሚስቴ «እጁ ይባረክ» ስትል ሰማኋት።

«የእናት እጅ ምን ይከፋል» አልሁ።

ደስ አላቸው፤ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁኝ። ውኃውን ሞሉት፤ ከደኑትና ጓዳ አስገቡት። እኔም አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» እያልሁ ራሴን ሳጽናና ሄድሁ። ዝም ያልሁ ይመስል!

አንዷለም ከቀብር አምሽቶ ተመልሶ ገበቴው የት እንዳለ ሲጠይቅ «ደኅና ቦታ አኑሬልሃለሁ» ብለውታል። ማክሰኞ ጧት ክዳኑን ሲያነሡት ገበቴ የለም፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ቁርጥራጭ ነው ያለው። ሌላ ለመሥራት ቀን አልቀረውም።

ረቡዕ ማሠልጠኛው አዳራሽ ገባን። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ አቶ ወልደ ሥላሴ የኔን ገበቴ አንሥተው መዘኑት። «ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ይዟል» አሉ። ልቤ ዘለለች። አንዷለም ከእናቱ ጋር ገባና ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ፈታ። ቁርጥራጩ ዘርዘር ብሎ ወደቀ።

«ገበቴዬ ይኼ ነው» አለ። «እናቴ ቢያሟሹት ለቀቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ውኃ አይንካው ብዬ አልነገርኋቸውም። አሠልጣኝ ብሆን መጀመሪያ የማስተምረው ይኼን ነው። ዕቃውን የሚወስደው ሰው ቤቱ ወስዶ ምን እንደሚያደርግበት ሳታስቡ አትሥሩ እላቸዋለሁ።»

ከዚያ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ያለ ኮላ፣ ያለ ጎማ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ገጠማቸው። ከነእርጥበታቸው ቀለበቱ ዘጋ። በመገጣጠሚያው ወረቀት አያልፍም። ገምጋሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የኔን ሰጋቱራ ማንም ሳያየው እኔው አፈርሁበት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀንቼም ተሸንፌም ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እመት ታንጉት ግን አላስቻላቸውም፤ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ብድግ አሉ።

«ጌቶቼ፣ በልጄ አትፍረዱበት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ደግሞ ዝም ብዬ አልሞላሁትም። ይኼን ምስኪን ጠይቄው ነበር» ብለው ወደኔ ጠቆሙ። «እሱም እንደኔው አያውቅም። በሱም አትፍረዱበት።»

አቶ ወልደ ሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ክንዱ፣ ነጭ ኮላ ሙቅ ውኃ እንደማይችል አያውቁም ነበር?»

አውቃለሁ ብል፣ ዶሮ አርደው ያበሉኝ እናት ፊት አደራ በላ ልሆን ነው። አላውቅም ብል፣ የአሥራ አራት ዓመት ስሜ ገደል መግባቱ ነው። አንዷለም ቆሞ ይጠብቀኛል።

«አላውቅም ነበር» አልሁ።

እመት ታንጉት መጥተው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «አይዞህ ልጄ፤ ማን አውቆ ተወለደ» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦታውን አንዷለም አገኘ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ኖሮ እህተ ማርያም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በምንድነው ስታጣብቅ የነበር?» አለችኝ። ገበያ ስወጣ «ኮላ የማያውቀው ክንዱ» ይሉኝ ጀመር። አልጋ ያዘዙኝ ሁለት ሰዎች መጥተው «ይቆይልን» አሉኝ። በመጨረሻ ማኅበሩም ስብሰባ ጠርቶ፣ ክንዱ ከጀማሪዎች ጋር ተምሮ ወረቀት ካላመጣ ቶርኖ አይነካም ብሎ ወሰነ። እጅ ሲያወጡ አየኋቸው፤ ግማሾቹን መሮ ያስያዝሁ እኔ ነኝ።

ተመዘገብሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ሙያ የለኝም።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ጀማሪዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አንዷለም የሁለት እንጨት መገጣጠም አሳየን፤ ኮላውን ስስ አድርጎ በጣቱ ቀባ፣ ልክ እኔ እንዳሳየሁት። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«አያ ክንዱ» አለ። አሁንም አንቱ ይለኛል። «ነጭ ኮላ የፈላ ውኃ ቢያገኘው ምን ይሆናል?»

ተነሣሁ። «ይለቃል» አልሁ።

«መቼ አወቁ?»

ዓይን ለዓይን ተያየን። «ኮላ ከውኃ አርቅ» ብዬ የነገርሁት እኔው ነኝ፤ ማኅበሩ የገባ ሳምንት። እሱም አልረሳውም። ለእናቱ አልነገራቸውም፤ ለማንም አልተናገረም። እውነቱን በአንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ዛሬ» አልሁ።

ጀማሪዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እንግዲያው ይጻፉት» አለኝ።

አጠገቤ ከተቀመጠችው ጀማሪ እርሳስ ተዋስሁና ጻፍሁት።