የቦዬ ማሳ ፊደል

መምህሬ ሚስ ሌቨርሞር እኔን፣ የፌሲን ልጅ፣ የሰደበችኝ በ1974፣ በጁን ወር፣ ማክሰኞ ቀን ከእረፍት በፊት ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰሌዳው ፊት አቁማ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል ጥራ አለችኝ፤ ጠፋብኝ። «የፌሲ ቤት ልጆች ጭንቅላት የተሰጣቸው ቦዬ እንዲሸከሙበት ነው» አለች። አርባ ሁለት ልጅ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አንዳንዶቹን ቀብሬያለሁ። በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ትቼ አባቴ ማሳ ገባሁ፣ ቦዬ የሚሉትን እንደ ድንች ያለ ሥር ልቆፍር።

ማንበብ የቻልኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ያውም ብቻዬን። ምሳዬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ የቦዬው መደገፊያ እንጨት ላይ እሰካለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቻችንን ልብ ብሎ ላያቸው አንዳንዱ እንደ እንጨቱ ወደ ላይ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ጅራቱን አፈር ውስጥ ይቀብራል፣ የቀረው ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ለረጅሙ እጄን እሰቅላለሁ፣ ለጅራታሙ እንደሚቆፍር ሰው እጎነበሳለሁ፣ ለአጭሩ እጄን ወገቤ ላይ አደርጋለሁ። ጭንቅላቴ የረሳውን ጉልበቴ ያዘው። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይጠይቀኛል?

የልጄ ልጅ ጆዲያን ግን አንድ ቀን ደረሰችብኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«አባባ፣ ምን ሆነህ ነው? ጉንዳን ገባብህ?»

«ፊደል እየጠራሁ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ? በል እኔንም አስተምረኝ!»

ትምህርት ቤቷ ለስፔሊንግ፣ ለፊደል ጥሪ ውድድር፣ ዋና ከተማችን ኪንግስተን የሚሄዱ አራት ልጆች ሊመርጥ ነበር። ከእነሱ አንዷ ለመሆን እንቅልፍ አጥታለች፤ ደብተሯ ላይ ግን ከቀይ እርማት በቀር የሚታይ የለም። እናም ሦስት ወር ሙሉ ቦዬው መሀል ዘለልን። «ጎረቤት» (neighbour) ማለት በእኛ ፊደል ሦስት ቁጭ፣ አንድ ቁፈራ፣ ሁለት እንጨት፣ እንደገና ሦስት ቁጭ ነው። እየዘፈነች ትቆፍረዋለች። አላፊ አግዳሚው «ፌሲ የልጅ ልጁንም አሳበዳት» ይላል። ይበል።

የምርጫው ቀን ዳኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጡረታ የወጣችው ሚስ ሌቨርሞር፣ ከነባርኔጣዋ!

ሁለት ቃል የሳተ ይወጣል፣ የመጨረሻዎቹ አራት ያልፋሉ። «እጅ ወደ ኋላ! ቀጥ በሉ!» አለች። በእኔም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ጆዲያን የመጀመሪያ ቃሏን ሳተች። ከኋላ ወንበር አየኋት፤ ሰሌዳው ፊት የቆምኩት እኔ ራሴ መሰለኝ። ተነስቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ተራዋ እንደገና ሲደርስ «ጎረቤት» የሚለው ቃል ደረሳት።

«ሚስ፣ እጄን ልፍታው?»

«ለምን? ልትበሪ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ።

«እጄ ሲታሰር ጭንቅላቴም ይታሰራል፣ ሚስ።»

ቃላቱን የሚያነበው ወጣቱ መምህር ኬልሶ የደንቡን ወረቀት ገለበጠ። «እጅ ወደ ኋላ የሚል እዚህ የለም።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው!»

«ልማድ ነዋ፣ ሚስ። ደንብ አይደለም።»

ሚስ ሌቨርሞር እንደፈለጋችሁ በሚል እጇን አወናጨፈች።

ጆዲያን ፊደሎቹን ጮክ ብላ እየጠራች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሦስቴ ቁጭ፣ ግንባሯ ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ አንድ ቁፈራ፣ ሁለቴ ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ የቀሩትን ሦስት። ልጆቹ ይንጫጫሉ። እሷ አንድም ፊደል አልጣለችም።

«ትክክል!» አለ ኬልሶ።

ጫጫታው ጸጥ አለ። የሚቀጥለውንም ቆፈረችው፣ የሚቀጥለውንም። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ሳያስቡት እጃቸውን አብረው ይሰቅላሉ፣ ያወርዳሉ። በመጨረሻ አራት ልጆች ቀሩ፤ አንዷ የእኔ ናት።

በሩ ላይ ሚስ ሌቨርሞር በከዘራዋ መንገዴን ዘጋችው። አርባ አምስት ዓመት ቦዬ ስቆፍር እንደ ቢላ የሳልኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር።

«ይህን ማን አስተማራት?»

«እኔ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ፊቷ ፈካ። «አንተ የፌሲ ልጅ አይደለህ! እኔ ድሮም ብያለሁ፤ በዚያ ቤት ጭንቅላት አለ!»

አፌን ከፈትኩ።

«አባባ፣ ና እንጂ!» ጆዲያን እጅጌዬን ጎተተች። በሌላ እጇ ወረቀት ይዛለች። «ለኪንግስተን ሁለት መቶ አዲስ ቃል ሰጥተውኛል። ሳይመሽ ማሳ እንድረስ!»

ባርኔጣዬን አጠለቅሁና ተከትያት ሄድኩ።