አራት ጠርሙስ በረሮ

ውድነሽ በጤና ረዳትነት በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት ከሰው ጆሮ በረሮ ያወጣችው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው የአንድ ወር ሕፃን ነበር። ዘይት ጠብ አድርጋ፣ በረሮው እስኪሞት ጠብቃ በወረንጦ ስትስበው ሕፃኑ የጮኸው ጩኸት ከጆሮዋ አልወጣም። አሁን ደግሞ የገዛ ልጇ ተወልዳ አሥራ አምስት ቀኗ ነው፤ ቤቱም በረሮ በበረሮ ሆኗል።

ዲዲቲ አላስረጭም አለች፤ ሕፃኗ የምትተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። አራት የማርማላታ ጠርሙሶች አጥባ አፋቸውን ከውስጥ ቅቤ ቀባች፤ በረሮው እንዲወጣበት ከውጭ ጨርቅ ጠቀለለችባቸው፤ ውስጣቸው ታች ቁራሽ ቴምር ጣለች። የገባ አይወጣም፤ ቅቤው ያንሸራትተዋል። በየማዕዘኑ አንድ አንድ አስቀምጣ፣ ጠዋት ጠዋት እየቆጠረች የፈላ ውሃ ቸለሰችባቸው።

በሩ አጠገብ ሁለት። ምድጃው ዘንድ አራት። መስኮቱ ሥር አንድ። ከጎረቤቷ ከቀድሪያ ሱቅ ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ ሥር ግን አሥራ ሰባት። በማግስቱ አሥራ ዘጠኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሃያ አንድ።

ስኳሩን በጣሳ ከደነች፣ ወለሉን በአመድ አሸች፤ ቁጥሩ አልቀነሰም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። የልጇን ጆሮ በሻሽ ትሸፍናለች፤ እንዳትታፈን ብላ ደግሞ ትገልጠዋለች። ለቀድሪያ እንዴት ይነገራል? ምጥ ሲይዛት ወገቧን የደገፈች፣ ገንፎ ያገነፋች፣ ከሞያሌ በመጣ የሳሙና ካርቶን ለሕፃኗ መኝታ ያበጀች እሷ ናት።

በአራተኛው ቀን ወደ ሱቁ ተሻገረች።

«ወላሂ! አራስ በጠራራ ፀሐይ?» አለች ቀድሪያ ከባንኮኒው ጀርባ። «መጋኛ እንዲመታሽ ነው? ግድግዳውን ብትደበድቢ አልመጣም?»

«እትዬ ቀድሪያ፣ አይቆጡኝ። በረሮው የሚመጣው በእርስዎ በኩል ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

«ቆጠርሽው? ቀጥሎ በማኅበር ልታደራጂው ነው?»

ትምባሆ ሊገዙ የቆሙት ሽማግሌ፣ አባ ጃልዴሳ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀድሪያ ግን አልሳቀችም። ደንበኛ ፊት ነው የተነገራት።

«ከጠርሙሶችሽ ሁለቱን አምጪ» አለች። «የኔም ቤት ይቆጠር።»

በማግስቱ ማለዳ ጠርሙሶቹን ይዛ ከች አለች። በአንዱ ሦስት፤ ሌላው ባዶ። «ቁጠሪያ፣ ሐኪሟ!»

ውድነሽ ፊቷ ጋለ። ወዲያ ማዶ ሦስት ብቻ ከሆነ፣ ወዲህ ያለው ሃያ አንድ ከየት መጣ? ግድግዳውን ተወችና ግድግዳው ሥር ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ጠርሙሱ አለ። የልጇ መኝታ አለ።

ሕፃኗን አንስታ ለቀድሪያ አቀበለቻትና ካርቶኑን ገለበጠችው። የታችኛውን እጥፋት ስትገነጥለው ቡናማው መንጋ ተበተነ። ሙጫው ላይ የእንቁላል ከረጢቶቻቸው እንደ ጥቁር ምስር ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ ቀን ጆሮ ስትሸፍን ከልጇ ጀርባ ሥር አላየችም።

«ካርቶኑን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አለች ቀድሪያ ድምጿ ሰልሎ።

«ሳልመረምር ያስተኛሁባት እኔ ነኝ።»

ካርቶኑን ግቢ አውጥተው አቃጠሉት። የተበተነው ግን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ስንጥቁ አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይደፈናል፤ ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ነው፤ ሕፃኗ እዚህ አታድርም። የት ታድራለች? ውድነሽ ቀና ብላ ቀድሪያን አየቻት፤ መልሳ መሬት መሬት አየች።

«እትዬ ቀድሪያ... ቤትዎ...»

«ንጹሕ ነው በይ። ሰፈሩ ይስማ።»

«ንጹሕ ነው!»

«በይ ልጅቷ እኔ ዘንድ ታድራለች። አንቺ ጭቃሽን አቡኪ።» ሕፃኗን አቅፋ ወጣች።

ውድነሽ ጭቃውን ማቡካት ጀምራ ተወችና ጭቃ በነካ እጇ ተከተለቻት። የቀድሪያ አልጋ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። መናገር አፈረች፤ ዝም ማለትም አልቻለችም።

«ፍራሹን... ከሥሩ ልየው?»

ቀድሪያ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ሕፃኗን ወደ ግራ ክንዷ አዛውራ የፍራሹን ጫፍ ራሷ ብድግ አደረገችው።

«እዪ» አለች። «ያንንም ጫፍ እዪ።»