የሐጂራ ዓይን

ሐጂራ ገብስማዋን ዶሮ ሁለት እግሯን ይዛ ቁልቁል አንጠለጠለቻት። ዶሮዋ ክንፏን ሁለት ጊዜ አራገበችና ዝም አለች።

"ቀስ በያት እትዬ፤ ትደነግጣለች" አለች ዓይሻ፣ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ።

"ቁልቁል ሲይዟት ነው የምትረጋው። አንቺም እርጊና ልይበት።"

ገና ረፋድ ቢሆንም የሮቢት ሙቀት ግቢውን ሞልቶታል። ጭቃ ሹሙ ይልማ በማለዳ በየደጁ እየዞረ የካምፑን ትእዛዝ ተናግሮ አልፏል። መንገዱን የሚያሠሩት ጣሊያኖች እንግዳ ይመጣባቸዋልና ከየግቢው አንድ አንድ አውራ ዶሮ እስከ ቀትር ካምፑ በር ላይ ይድረስ። ሴት ዶሮ አይነካም፤ እንቁላሉን በየሳምንቱ ይፈልጉታል። አውራውን ደብቆ ሴት ዶሮ ያመጣ ግን ጅራፍ ይጠብቀዋል።

የአብዱልሃዲ ግቢ ሁለት ሚስትና ሁለት ጎጆ ቢኖርበትም በይልማ ቆጠራ አንድ ግቢ ነው። የፊተኛዋ ሚስት ሐጂራ አራት እናት ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ አላት። ካገባች ዓመት ያልሞላት ዓይሻ ያላት ይህችው ገብስማ ብቻ ናት። ሦስት ወሯ ነው፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከዕድሜዋ ቀድሞ ተቆልሎ አውራ ትሁን ቄብ ሳይለይ ቆየ። አውራ ከሆነ ካምፕ የሚሄደው እሱ ነው፤ ቀዩ ለእናቶቹ ይቀራል። ቄብ ከሆነች ግን ከቀዩ በቀር የሚሄድ የለም።

ይህን የሚለይ ዓይን ደግሞ የሐጂራ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ጫጩቶቹን በእንቅብ ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። አውራ ያለችው ይጮሃል፤ ቄብ ያለቻት ትጥላለች። ማጀቴ ገበያ ድረስ "ሐጂራ ያየችው ነው" እያሉ የሚሸጡ አሉ።

ላባውን እፍ ብላ ከፈለችው። ሰው ሁሉ አናት አናቱን እያየ ይሳሳታል፤ እሷ የምታየው ከጅራቱ በላይ ወገብ ላይ ያለውን ነው። አውራ ከሆነ በዚህ ዕድሜ የላባው ጫፍ እንደ ወስፌ ይሾላል፣ ያብረቀርቃል። ቄብ ከሆነች ጫፉ እንደ ጥፍር ክብ ነው። አንዱን ላባ በሁለት ጣቷ ለይታ አየችው። ክብ ነው። ሌላውንም አየች። የአንገቷንም እንዲሁ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ክረምት ሳይገባ እንቁላል ትጀምራለች።

ቀና ስትል ዓይኗ የዓይሻ ጎጆ ደጅ ላይ ካለው የዶሮ ቤት ላይ አረፈ። ባዶ የድማሚት ሣጥን ነው። አብዱልሃዲ ጣርማ በር ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ሰንብቶ ባለፈው ሐሙስ ያን ሁሉ ቁልቁለት በትከሻው ተሸክሞት ወረደ። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በር አወጣለት፤ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ማጠፊያ ቆርጦ መታለት። ሐጂራ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮዎቿን ራሷ ባሰረችው ቆጥ ላይ ስታሳድር አንድ እንጨት አቀብሏት አያውቅም። ሣጥኑስ ይሁን። ሚስማሩን ሲመታ ያንጎራጉር ነበር። እሷ ቤት ሲያንጎራጉር የሰማችበትን ቀን ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

"አውራ ነው" አለች።

የዓይሻ ፊት ጠቆረ። ሐጂራ "ወላሂ በይ" እስክትባል ጠበቀች። ያን ጊዜ ምን እንደምትመልስ እሷም አታውቀውም። ዓይሻ ግን ገመድ ፍለጋ ተነሣች።

"ስሙን 'በረካ' ብዬው ነበር" አለች ስታስረው። "ደግሞ ከእጄ ነው የሚበላው።"

"ለሚታረድ ነገር ስም አይወጣም።"

"እንደሚታረድ መች አወቅሁ?"

ጎረቤታቸው ከበቡሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ቄቧን አስረሽ ወዴት ነው?" አለች።

"አውራ ነው እትዬ ከበቡሽ።"

"የቱ ነው አውራ? ይቺ?"

"እትዬ ሐጂራ አይታዋለች።"

ከበቡሽ ሐጂራን አየቻት፤ ሐጂራ ሰፌዷን አነሣች። "እሷ ካየችማ ምን እላለሁ" አለች ከበቡሽ። "እኔ ባሌንም አይቼው ነበር ደህና ሰው ነው ያልኩት።"

ዓይሻ ሳቀችና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ሐሙስ ከጣርማ በር ሲወርድ አንቺው ንገሪልኝ፤ እኔ ከነገርኩት ማልቀሴ አይቀርም" አለች።

"እነግረዋለሁ።"

ሐጂራ ማሽላዋን ማንጓለል ጀመረች። አሁን ሣጥኑ ባዶ ነው። አብዱልሃዲ ሐሙስ መጥቶ ባዶውን ያየዋል፤ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመው በከንቱ እንደነበር ያውቃል። ይህን ስታስብ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ቀዩ አውራ ከሰፌዱ የወደቀውን ፍሬ እየለቀመ እግሯ ሥር ይመላለሳል። በእግሯ ገፋችው። "ወዲያ!" ተመልሶ መጣ። አሁንም ገፋችው።

ዓይሻ ይህን ጊዜ ከካምፑ በታች ያለውን ወንዝ ተሻግራ ይሆናል፤ ብትጠራት አትሰማም። ሐጂራ ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ የራሷን አውራ ልታደርስ ሄዳ የነበረችው ከበቡሽ እያለከለከች ገባች። "ሐጂራ፣ ኧረ ድረሺላት! ልጅቷን ካምፑ በር ላይ ይዘዋታል!"

"ማን ያዛት?"

"በሩን የሚጠብቀው ባንዳ ነዋ! ዶሮዋ ቄብ ናት፣ አውራውን ደብቃችኋል አላት።"

"ይልማ አልነበረም?"

"እሱማ ባሰ! 'ሐጂራ ናት አውራ ነው ያለችኝ' ብትለው፣ 'ሐጂራ ተሳስታ አታውቅም፤ የምትዋሺው አንቺ ነሽ' አላት። አንቺን ጥሪያት ብሎ ነው የላከኝ።"

ሐጂራ ሰፌዱን አስቀመጠች።

ካምፑ በር ላይ እግራቸውን የታሰሩ አውራ ዶሮዎች በሽቦው አጥር ሥር ተደርድረዋል። ተራ የሚጠብቁ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ግማሾቹ ጫጩታቸውን ሐጂራ ያየችላቸው ናቸው። ዓይሻ ከእነሱ ተለይታ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ገብስማዋን ጭኗ ላይ ይዛ በሻሿ ጫፍ ጥላ ታደርግላታለች። ባንዳው ጅራፉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወገቡን ይዟል።

"ደግ መጣሽ" አለ ይልማ። "አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ይቺ እኔ እንኳ ስገላልጣት የምታስታውቅ ቄብ ናት። አንቺ አውራ ልትያት ትችያለሽ? ልጅቷ ስምሽን ነው የምታጠፋው። አላልኳትም በይና ወደ ቤትሽ ግቢ።"

ሐጂራ ከመመለሷ በፊት ዓይሻ ቀደመቻት። "ጋሼ ይልማ፣ እሷ ላይ አይቆጡ! ፀሐዩ ዓይኗ ላይ ነበር። ተሳስታ ነው። እትዬ፣ ተሳስቼ ነው በያቸው።"

ከተራው አንዲት ሴት፣ "ሐጂራ? እንግዲያ የእኔም ጥቁሯ መጣሏ ያጠራጥራል በሉኛ!" አለችና ሰው ሳቀ።

ሐጂራ ወደ ሳቁ ዞረች፤ ቀጥሎ ወደ ዓይሻ። ልጅቷ "በይ፣ በይ" በሚል ዓይን ታያታለች። አንድ ቃል ነው። ተሳስቻለሁ ካለች ሁሉም ይተርፋል፤ ነገ ግን እንቅብ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ዓይሻም ዕድሜ ልኳን ለዓይኗ ታዝንላታለች። አላልኳትም ካለች ደግሞ ጅራፉ የዓይሻ ነው።

"አልተሳሳትኩም" አለች።

ዓይሻ ዶሮዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

"እንዳልኩት ነው!" አለ ይልማ። "ልጅቷ ናት—"

"ይስሙኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ቄብ መሆኗን ጠዋት አይቻለሁ። አውራ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ቆመ። "እያወቅሽ?" አለ ይልማ።

"እያወቅሁ።"

"ለምን ሲባል?"

ባሌ ለሌላዋ ሲያንጎራጉር ሰምቼ ነው ተብሎ ለጭቃ ሹም አይነገርም። "እሱ የግቢያችን ጉዳይ ነው" አለች።

ባንዳው ጅራፉን ከብብቱ አወጣ። ሐጂራ እሱን ትታ ዓይሻን አየቻት። "ተነሺ። ቀዩን አምጪላቸው። አታባሪው፤ ይደክምሻል። ማሽላ በተን አድርጊለት፣ ራሱ ይመጣልሻል።"

ዓይሻ ገብስማዋን አቅፋ ተነሣች። በተራው ሰው መሐል አልፋ፣ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ወንዙ ወረደች።

"አውራው እስኪመጣ እኔ እዚህ ነኝ" አለች ሐጂራ፤ ዓይሻ የተነሣችበት ድንጋይ ላይም ተቀመጠች።