የዲንካር ጣት

«የያሙና ልጅ የፍየል ልብ ይበላል።»

ጎረቤቷ ጎዱባይ ይህን ወሬ ቧንቧው ሥር፣ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ፣ አትክልት ሻጩ ጋ፣ ሰው ባለበት ሁሉ ትደግመዋለች። «በዓይኔ በብረቱ! ከቡርሃን ሥጋ ቤት ጣቱን እየላሰ ሲወጣ አየሁት። ብራህማን ነኝ ባይ፣ ዶክተሩ!» ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው ሰው ሁሉ እንዲሰማላት ነው።

እንኳን ሥጋ እንቁላል ደጃፉን ረግጦ በማያውቅበት የብራህማን ቤት ይህ ቀላል ሐሜት አይደለም። የያሙናን ሴት ልጅ ኢንዱማቲን ግን ያበገናት በሌላ ምክንያት ነበር። በልጅነቷ የያዛት የመገጣጠሚያ ትኩሳት ልቧ ውስጥ ያለውን በር አጣብቆባታል። ገና ኮረዳ ሳለች ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጊት ታለከልካለች፤ ተቀምጣ ታድራለች፤ ስታስል መሐረቧ ደም ይነካዋል። ያንን በር ሊከፍት የሚችል ሰው በፑና ከተማ ቢፈለግ ታላቅ ወንድሟ ዲንካር ብቻ ነው። እሱም ቦምቤይ ሌሎች ሲሠሩ አየ እንጂ ራሱ ሠርቶ አያውቅም።

«ዳዳ፣ ሥጋ ቤት ምን ትሠራለህ?» አለችው አንድ ቀን ፊት ለፊት፤ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው «ዳዳ» ብላ ነው።

ወንድሟ ሌባ ጣቱን ቀሰረ። «የሚመታ ልብ ውስጡ አይታይም፤ ዓይኔ ይሄ ነው። በሩን ዳብሼ ማግኘት፣ የተጣበቀውን ማላቀቅ፣ ሌላውን ሳልቀድ መውጣት አለብኝ። ቡርሃን የፍየል ልብ ይሰጠኛል። በሩን በክር እሰፋና ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እከፍተዋለሁ። ሌላ መማሪያ የለኝም።»

«ትበላዋለህስ?»

«ኢንዱ!» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ለእሷ በቃት። ለእናቷ ግን አልበቃትም። ዲንካር ስለ ኦፕራሲዮኑ ሊነግራት ሲመጣ የጎዱባይ ወሬ ቀድሞት ቤት ገብቷል።

«ሥጋ የበላ እጅ የልጄ ደረት ውስጥ አይገባም» አለች ያሙና። «ከሞተችም ንጹሕ እንደሆነች ትሙት።»

«እማዬ፣ የሚሠራት ሌላ ሰው ቢኖር እኔ እህቴን ቢላ አስነካለሁ?»

«ወደ ማድቤቴ አትጠጋ ብያለሁ!»

ጎዱባይ በመስኮቷ ብቅ አለች። «እኔ እንኳ ያየሁትን ነው...»

ኢንዱማቲ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ግቢው መሃል ደረሰች። እናቷ በየማለዳው ውሃ እያፈሰሰች የምትሰግድለትን የቱልሲ ተክል በእጇ ነካች።

«ስሚኝ እማዬ። አንቺም ጎዱባይ፣ ያንን ረጅም ጆሮሽን ወዲህ አምጪው። ዳዳ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቀምሶ ከሆነ፣ ይሄ ልቤ በቆምኩበት ቀጥ ይበል!»

ልቧ እንደ ልማዱ ተንገዳገደ፣ አንዴ ዘለለ፣ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ጎዱባይ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቅ ነበር።

«ምነው፣ ቅር አለሽ?» አለቻት ኢንዱማቲ።

ያሙና ልጇን አየችው። ዲንካር መሬት መሬቱን ያያል።

«በል ውሰዳት» አለች።

ኢንዱማቲ ከኦፕራሲዮኑ ስታገግም የገረማት የቁስሉ ጥዝጣዜ አልነበረም፤ በጀርባዋ ተንጋላ እንደ ሰው መተኛቷ ነው። ያሙና ሆስፒታል መጥታ የልጅዋን ትንፋሽ አዳመጠች፤ ከዚያ የዲንካርን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አስደገፈች። ማድቤትም አስገባችው።

ከኢንዱማቲ በኋላ ከሳታራ ገበሬዎች፣ ከሾላፑር ሸማኔዎች መጡ፤ የሚያለከልኩ ሙሽሮች በሰው ሸክም መጥተው በእግራቸው ሄዱ። ዲንካር ተማሪዎች አፈራ፤ ሁሉንም አስቀድሞ ቡርሃን ጋ ይልካቸዋል። የጎዱባይንም የልጅ ልጅ አዳነ። እሷም ከሆስፒታሉ በር ሳትርቅ፣ «እጁ ይባረክ!» አለች። «ግን ይበላል።»

ኢንዱማቲ ወንድሟን በአፏ አመስግናው አታውቅም፤ ምላሷ ለዚያ አልተሠራም። በየዓመቱ በባውቢጅ፣ እህት ለወንድሟ መብራት አዙራ ግንባሩን ቀይ በምትቀባበት ቀን ግን፣ ግንባሩን ቀብታ ስታበቃ ሌባ ጣቱንም ትቀባለች። የሌላ ሰው እህት እንዲህ አታደርግም።

ዓመታት ሄዱ። ያሙናም፣ ቡርሃንም፣ ጎዱባይም አለፉ። ዲንካር ቢላውን ለተማሪዎቹ ትቶ ቤት ዋለ። በአንድ ባውቢጅ ኢንዱማቲ፣ ሦስት ወልዳ ያሳደገችው፣ አሁን ሽበታም የሆነችው፣ ደረጃውን ሳታርፍ ወጥታ የሚንቀጠቀጠውን ጣቱን ስትቀባ፣ ዲንካር ብቻውን ሳቀ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቆጪኝም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«የቡርሃን ሚስት ከትምህርቴ የተረፉትን ልቦች በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ትጠብሳቸው ነበር።»

ኢንዱማቲ ቀይ የነካ እጇን ሳታስበው ደረቷ ላይ ጫነች። ልቧ እየመታ ነው፤ ደልደል ብሎ፣ ወንድሟ እንደከፈተላት።

«ምነው ያኔ ስምል ዝም አልክ?»

«ዝም ባልል ትሞቺ ነበራ» አለ። ከዚያ ጣቱን አየት አደረገና፣ «ደግሞ ጎዱባይ አልዋሸችም። ያን ቀን እየላስኩት ነው የወጣሁት።»