ከኤልዶሬት የሚመጣው ርካሽ ዘይት

የዘይት ፋብሪካው ሻጭ ሙቲሶ የሚመጣው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ፋብሪካው ሽያጩን የሚደምረው ወሩ ሲዘጋ ስለሆነ ያን ሰሞን ሸሚዙ በላብ ይርሳል፣ ቅናሹም ይበዛል። እኛ አከፋፋዮች ይህን ስለምናውቅ ወሩን ሙሉ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥና መጨረሻው ላይ እንገዛለን።

እኔ የኪታሌ ከተማ ወኪል ነበርኩ። የሱቄ ግድግዳ በፋብሪካው ቢጫ ቀለም ተቀብቶ «ናሲሚዩ፣ ብቸኛ አከፋፋይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ንግዱን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ጽሑፍ ማንም አልመጸወተኝም።

ሙቲሶ ሲገባ ቻፓቲ እየበላሁ ነበር። አልተነሳሁለትም።

«እህቴ፣ ዘንድሮ ማዘዝ ተውሽ እኮ።»

«ማን ይግዛኝ? ያንተው የሚረጋ ዘይት ከኤልዶሬት እየመጣ እዚህ ማዶ ይቸበቸባል። አንተ ለኔ ከምታስረክብበት ዋጋ በታች።»

«ኪፕላጋት ነው?»

«አይ፣ ዘይቱ በእግሩ መጣ።»

ኪፕላጋት የጎረቤታችን ከተማ የኤልዶሬት ወኪል ነው። ቅናሹ እንደ ጭነቱ ብዛት ስለሆነ የሦስት ወር ዘይት ባንዴ ያነሳል፤ ኤልዶሬት የማይጨርሰውን እኔ ገበያ ላይ ይደፋዋል። በውሉ ክልክል ነው።

«ታዲያ አታስቆመውም?»

«እሱን ካስቆምኩ ኮታዬን ማን ይሞላልኛል?» አለ ሙቲሶ። ቢያንስ አልዋሸም። «ይልቅ ላንቺም እንደሱ ልቀንስልሽ። የሦስት ወር ውሰጂ። ኪታሌ ካልጨረሰው ቡንጎማ አራግፊው።»

«ቡንጎማ ወኪል የለውም?»

«አለው። ነኬሳ የምትባል ሴት ናት።»

«እሷስ የት ታራግፈው? ዩጋንዳ? ዩጋንዳስ የት?»

ሙቲሶ አልሳቀም። «ካልወሰድሽ ውክልናው ይነሳል። ከላይ የታዘዝኩት ነው።»

«አንሳዋ።»

ንዴቴ እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቻፓቲው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጨረስኩት።

እውነቱን ለመናገር ሂሳቤን ሠርቼ ነው። ወኪል ካልሆንኩ ከፋብሪካው የመግዛት ግዴታ የለብኝም፤ እንደ ማዶዎቹ ሱቆች ከኪፕላጋት በርካሽ እገዛለሁ። ትርፌ እንዲያውም ይጨምራል። ክብሩ ይቅር።

በሳምንቱ የፋብሪካው ቀቢዎች መጥተው ቢጫውን በነጭ አጠፉት። ወንበር አውጥቼ አየኋቸው። ጥግ ላይ የሳቱትን አሳየኋቸው፣ እሱንም ቀቡት።

ከዚያ ኤልዶሬት፣ ለሽማግሌው ለኪፕላጋት ደወልኩ።

«ምዜ፣ ናሲሚዩ ነኝ፣ ከኪታሌ። መቶ ካርቶን ይላኩልኝ።»

«ሰማሁ ልጄ። አይዞሽ።» ዋጋውን ነገረኝ።

«ይሄማ ፋብሪካው ያስከፍለኝ ከነበረው ይበልጣል። ባለፈው ለማዶዎቹ እንዲህ ነበር እንዴ የሸጡት?»

«ባለፈውማ አንቺ ነበርሽ» አለኝ ኪፕላጋት ረጋ ብሎ። «ካንቺ በታች ካልሸጥኩ ማን ዞሮ ያየኝ ነበር? አሁን ከማን በታች ልሽጥ?»

ልክ ነው። ርካሹ ዋጋ የቆመው በኔ ላይ ተደግፎ ነበር። የኪታሌን ገበያ ሁሉ አስልቼ ራሴን ሳልቆጥር ቀርቻለሁ።

«ሃምሳ ይላኩ» አልኩት።

«መቶ አላልሽም?»

«ሃምሳ።»

ጭነቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ካርቶን እንደከፈትኩ አንዲት ሴት ለእራት የሚሆን ዘይት ልትገዛ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። አዲሱን ዋጋ ነገርኳት።

«ትናንት እንዲህ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም» አልኳት፤ ሳህኑን ተቀብዬ መዘንኩላት።